ኮረንቲ የሚያነሳው እግር

ሐረር ጁገል፣ በግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌ ከተማ፣ ሰው ሁሉ እግር ያያል። መንገዱ ጠባብ፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ የማይሄድ የለም። ስለዚህ ከሱሪዬ ሥር ወጥታ ወደ ግራ ጫማዬ የምትገባውን ቀጭን ሽቦ የማያያት የለም። አንዱ የስልክ ማዳመጫ ትመስለዋለች። ሌላው ስኳር የምትለካ መሣሪያ ናት ብሎ ይከራከራል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ የፊዚክስ መምህራቸው በራሱ እግር ላይ ሙከራ እንደጀመረ ጠርጥረው በሩቁ ይሳሳቃሉ። እውነቱን፣ ሽቦዋ በስትሮክ የተንጠለጠለ እግሬን በኮረንቲ የሚያነሳ መሣሪያ አካል መሆኗን፣ ከነገርኳቸው በኋላ ግን ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ይግዛልኝ?»

ይህን የምጽፈው መንገድ ላይ ቆሜ ለሁሉም ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነው። መቆም ደግሞ ለእኔ ከመሄድ ይብሳል።

ስትሮክ የመታኝ ጡረታ ሳልወጣ ነው። በአንጎሌ ቀኝ በኩል የደም ሥር ተዘጋና ግራ እጄና ግራ እግሬ ከዱኝ። እጄ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ጠመኔ ባይጨብጥም ሲኒ ያነሳል። ጉልበቴ ጠና፤ ዳሌዬም ጠና። ቁርጭምጭሚቴ ግን አሻፈረኝ አለ። ጤነኛ ሰው እግሩን ባነሳ ቁጥር የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፤ ስለማያስበውም እንደሚያደርገው አያውቅም። ሥራው ከቅልጥም አጥንት ጎን የሚወርደው ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ትእዛዝ ሲያጣ የእግር ጫፍ ይንጠለጠላል፣ መሬት ይጭራል። ባለቤቱም ላለመደናቀፍ ዳሌውን ሽቅብ ሰቅሎ እግሩን በግማሽ ክብ እያዞረ ይወስደዋል። ሐኪሞቹ «የእግር መውደቅ» ይሉታል። የእኔን ከሐኪሙ በፊት የነገረኝ ጫማ ሰፊው ነው፤ «ጋሼ፣ ቀኙ ጫማዎ ደህና ነው፤ የግራው አፍንጫ ብቻ ነው የሚያልቀው» አለኝ።

ቤተ ዘመድ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ጸበል ተወሰድኩ፤ በደስታ ሄድኩ፤ ዛሬም እሄዳለሁ። በቅቤ ታሸሁ። ወጌሻ ይምጣ ሲባል ግን እምቢ አልኩ። ወጌሻ የወለቀ አጥንት ይመልስ ይሆናል፤ የእኔ አጥንት ግን አልወለቀም። ከስትሮክ በኋላ የተገተረ ባት በኃይል ሲጎተት ይብሱኑ ይኮማተራል።

እግሬ ላይ የሆነውን ተማሪ ፊት እንደቆምኩ ላስረዳ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ቤታችሁ ይጨልማል። የግድግዳው ሽቦና አምፖሉ ግን ምንም አልሆኑም፤ ጄኔሬተር ብታመጡ ይበራሉ። የእኔ ነገር ይኸው ነው። የተቃጠለው ላይ ቤት፣ አንጎል ውስጥ ነው። ከጀርባ አከርካሪ ወርዶ፣ ጉልበትን በውጭ በኩል ዞሮ ቅልጥሜ ጡንቻ ውስጥ የሚገባው ነርቭ ደህና ነው። ነርቭ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲነካው ትእዛዙ ከአንጎል ይምጣ ከባትሪ አይለይም፤ ለጡንቻው ያስተላልፈዋል። ሽቦው ራሱ የተበጠሰበት ሰው ግን ጄኔሬተር ቢያመጣ ምን ያገኛል? ወንድም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ነርቭ ሕያው ነው ወይ?

መሣሪያውን የላከችልኝ ካናዳ ያለችው እህቴ ናት። ሲደርሰኝ ባለቤቴ ካርቶኑን ከፍታ መመሪያውን ልታነብልኝ ጀምራ ነበር። እኔ ግን ካርቶኑን ዘግቼ ድሬዳዋ ወዳለችው ፊዚዮቴራፒስት ወረድኩ። በአወዳይ፣ በሐረማያ አድርጎ ደንገጎን ሲጠመዘዝ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200 ትወርዳለች። ይህ የከፍታ ልዩነት ለኋላ ታሪካችን ያስፈልጋል።

ልጅቷ ከመጨረሻ ልጄ ብዙ አትበልጥም። ካርቶኑን ተቀብላ ሳትከፍተው ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ መሣሪያውን በኋላ እናየዋለን፤ መጀመሪያ እግርዎን ልየው» አለችኝ። እግሬን በእጇ ይዛ ቀና ልታደርገው ሞከረች፤ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዓይኔን አስጨፍና ቆዳዬን በጥጥ ነካካች። ከዚያ ጥያቄ አወረደችብኝ። ልብ ላይ የተተከለ የምት መቆጣጠሪያ አለ? የሚጥል በሽታ ይዞኝ ያውቃል? እግሬ ውስጥ ደም ረግቶ ያውቃል? ካንሰርስ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገሩ በሐኪም ካልተፈቀደ አይጀመርም፤ ለልብ መቆጣጠሪያውማ ቀልድ የለም። ሻጩ በስልክ አንዱንም ለእህቴ አልጠየቃትም ነበር።

ከጉልበታችሁ በታች በውጭ በኩል ብትዳስሱ አንዲት ትንሽ የአጥንት ጉብታ ታገኛላችሁ። ነርቩ በዚያች ጉብታ ሥር ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ይዞራል። ቆዳ ላይ ተጣብቀው ኮረንቲውን ከሚያስተላልፉት ሁለት ልጣፎች አንዷን እዚያ፣ ሌላዋን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ቅልጥሜ ጡንቻ ላይ አደረገቻት። ኮረንቲውን ከዜሮ ጀምራ እየጨመረች ወጣች። መጀመሪያ ትንሽ ነዘረኝ። ቀጥሎ መርፌ መርፌ አለኝ። ከዚያ እግሬ ተነሳ።

ያን ሁሉ ወር ስለምነው፣ ስቆጣው፣ ሌሊት በጨለማ «ተነስ» ስለው የከረመ እግር ነው። ሳቄ መጣ፤ ማቆምም አልቻልኩም። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ቋጠረች። እግሬ የተነሳው ወደ ውጭ ተገልብጦ ነበር። ያ ነርቭ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ የእግርን ጫፍ ሽቅብ ያነሳል፣ ሌላው እግርን ወደ ውጭ ያዞራል። ልጣፏ በአንድ ጣት ስፋት ስትንቀሳቀስ ሚዛኑ ይለወጣል። ወደ ውጭ ከበዛ እግር መሬት ሲረግጥ ይወላገዳል፤ ወደ ውስጥ ከበዛ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፤ ያኛው የበለጠ አደገኛ ነው። ገፋ፣ መለስ፣ ደግሞ ገፋ አደረገቻት። ቀጥ ብሎ ሲነሳ በማይለቅ እስክሪብቶ ቆዳዬ ላይ ክብ ሣለች። «ይህን ክብ ሲታጠቡ እንዳያጠፉት። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚለጥፈው ማን ነው? እሳቸውን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቴ አብራኝ ወረደች፤ ዛሬ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። በግራ እጄ የራሴን ልጣፍ መለጠፍ አልችልም፤ በቀኝ እጄ ብቻ ደግሞ ይጣመማል። ስትሮክ እግርን ብቻ ነክቶ የሚተወው ሰው ስለሌለ ቤት ውስጥ የሚለጥፍ ሰው መኖሩ ከመሣሪያው ዓይነት ይበልጣል።

ቀጣዩ ክፍል ለፊዚክስ ወዳጆች ነው፤ የማይወድ ይዝለለው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲዘለልብኝ ኖሬያለሁና አልቀየምም።

ጣሊያናዊው ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲዘል አይቶ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። ጡንቻ በኮረንቲ መነሳቱ አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ የጎደለው በየትኛው ቅጽበት እንደሚነሳ የሚወስን ነገር ነበር። ያን የፈታው አሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊበርሰን ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ። ያደረገው ነገር ቀላልነቱ ያስቀናል፤ ጫማ ውስጥ፣ ተረከዝ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አስቀመጠ። ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ ኮረንቲው ይለቀቃል፣ የእግር ጫፍ ቀና ይላል፤ ተረከዝ መሬት ሲነካ ኮረንቲው ይቆማል። የእኔ መሣሪያም ዋና ሐሳቡ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። የተጨመረው ማለስለሻ ነው፤ ኮረንቲው በአንድ ጊዜ ግው አይልም፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ድንገት የተሳበ ባት ተቆጥቶ እንዳይኮማተር። ተረከዝ ካረፈ በኋላም ጥቂት ቆይቶ ነው የሚወርደው፤ እግሬ መሬቱን በጥፊ እንዳይመታው።

አሁን ቁጥር። በሰከንድ 40 ምት። እያንዳንዱ ምት 0.3 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። አባዙት፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ኮረንቲው በእርግጥ የሚፈሰው 12 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ ዝምታ ነው። ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ ይህን የሚችለው ለዚህ ነው። ምቱ በጣም ቢሳሳ ጡንቻው በየምቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ በጣም ቢበዛ ደግሞ ቶሎ ይዝላል። የኮረንቲው መጠን በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ነው። የቆዳን እምቢታ ለማለፍ ውስጡ ያለው ዑደት የባትሪውን 9 ቮልት ብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። ነርቭ አጭር ምት ይበቃዋል። ነርቩ የሞተበት ጡንቻ ግን በመቶዎች እጥፍ የረዘመ ምት ካላገኘ አይነቃነቅም፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ይህ መሣሪያ አይሰጥም፤ ቢሰጥም ቆዳው አይችለውም።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሽቦውን አገላብጦ አይቶ «መምህር፣ ይህን እኔም እሠራዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይሠራው ይሆናል። ግን የአንዱን ምት ስፋት ሳይለካ፣ የሁለቱን ልጣፍ ሚዛን ሳያስተካክል የሠራው ነገር ቆዳ ያቃጥላል። ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ሰው ይገድላል። ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት።

አንድ ተጨማሪ ቁጥር፣ ከዚያ ፊዚክሱን እተዋለሁ። እንግሊዝ አገር ሳልዝበሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ስትሮክ የመታቸውን 32 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ፊዚዮቴራፒ ብቻ፣ ሌላው ፊዚዮቴራፒና መሣሪያ አገኘ። መሣሪያውን አድርገው የሄዱት ፍጥነታቸው በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሌሎቹ በ5። መሣሪያውን ሲያጠፉት ግን ያ ለውጥ አልታየም። ሊበርሰን አንዳንድ ሕሙማኑ ከልምምድ በኋላ እግራቸውን ለጥቂት ጊዜ በራሳቸው ማንሳት እንደቻሉ ጽፏል፤ በእኔም ላይ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል፤ ማታ ሳወልቀው ለትንሽ ደቂቃ ጣቴ ቀና ይላል። ግን ሲያደርጉት የሚሠራ፣ ሲያወልቁት የማይሠራ ነው ብሎ መቀበሉ ይሻላል። መነጽርም ዓይን አያድንም፤ ማንም ግን ለዚያ ብሎ አይጥለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ይህ መሣሪያ የተሠራው ከጠዋት እስከ ማታ ጫማ ለሚያደርግ ሕዝብ ነው።

እሑድ ጠዋት ፈረስ መጋላ መድኃኔዓለም እሄዳለሁ። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ጫማዬ ሲወልቅ የተረከዙ ማብሪያ ማጥፊያ አብሮት ይወልቃል። በጣም በሚያስፈልገኝ ቦታ፣ ምንጣፍ በተነባበረበት፣ ሰው ለሰው ትከሻ ለትከሻ በቆመበት፣ እግሬ ተመልሶ ይወድቃል። ምንጣፍ ደግሞ ከድንጋይ ይብሳል፤ የእግር ጣት ጫፉን ያገኝና ይጠልፈዋል። መቋሚያ ባይኖር ቅዳሴውን ቆሜ አልጨርስም ነበር። በመሣሪያው ፈንታ የእግር ጫፍ እንዳይወድቅ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ የሚያደርጉ ሰዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ ድጋፉ ያለ ጫማ ያንሸራትታል።

ወዳጆቼ ቤት ስሄድም ይኸው ነው። የሐረሪዎችን ቤት የሚያውቅ ያውቃል፤ ጫማ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ ውስጡ ነደባ የሚሉት ከፍ ዝቅ ያለ መደብ ነው። ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በባዶ እግር መውጣት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ፈተና ነው። ቤተኛ የሆንኩበት ቤት እመቤት «አይዞህ፣ ከነጫማህ ግባ» ትለኛለች። ያን ግን እኔ አልፈልግም። አርባ ዓመት ያለ ጫማ የገባሁበት ቤት ነው።

የድሬዋ ልጅ ስነግራት ነገሩ አልታሰባትም ነበር። በሥልጠናዋ ጊዜ ያየቻቸው ሥዕሎች ሁሉ ጫማ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ተያይዘን ካሰብን በኋላ መኪና ግርግር ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ሄድኩ። አንዱ ሽማግሌ ሽቦውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ስለ ምንነቱ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ተረከዜን ለካ። ከወፍራም ጨርቅ ካልሲ ሰፋ፤ ተረከዙ ላይ ኪስ አበጀ፤ ከኪሱ ሥር ስስ ቆዳ ደረበበት። ቆዳው ያስፈለገው ምንጣፍ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ማብሪያው ከበታቹ ጠንካራ ነገር ካላገኘ ተረከዝ ቢያርፍም አይጫንም። አሁን ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬን ለብሼ እገባለሁ። አንዳንዴ ይስታል፤ በተለይ ምንጣፍ ሲደራረብ። ግን ከአሥር እርምጃ ስምንቱን ካነሳልኝ በሁለቱ አልጣላውም።

ተረከዝ ሥር ምንም የማያስፈልጋቸው መሣሪያዎችም አሉ። ከጉልበት በታች ይታሰራሉ፤ ቅልጥም ሲያዘነብል ዝንባሌውን ለክተው ኮረንቲውን ይለቃሉ። በባዶ እግር ይሠራሉ። ዋጋቸው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። መሣሪያ ከመግዛት በፊት ሰውዬው በቀን ስንት ጊዜ ጫማ እንደሚያወልቅ ቢጠየቅ ኖሮ ለእኔ የሚገባው ያኛው ነበር።

ወደ ከፍታው ልዩነት እንመለስ። ሐረር ላይ ልጣፎቹ ጥሩ ይይዛሉ። ድሬ ስወርድ፣ በተለይ ከግንቦት ጀምሮ፣ ቆዳዬ ያልበውና ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር እንኳ ልጣፏ ትንሸራተታለች። በአንድ ጣት ስፋት መንሸራተቷ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ ለገሃር ፊት ለፊት እግሬ ወደ ውጭ ተገልብጦ ባጃጅ አቁሜ ተሳፍሬያለሁ። መላው ቀላል ነው፤ ቆዳን በውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ በላዩ የጨርቅ ማሰሪያ መጠቅለል፣ ትርፍ ልጣፍ በኪስ መያዝ። ቅባት ጠላታቸው ነው። ዘመዶቼ በቅቤ ያሹኝ በነበረበት እግር ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ከሳልዝበሪ ጥናት ይከብዳል።

ልጣፎቹ አላቂ ናቸው፤ ሙጫቸው እየደረቀ ይሄዳል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መለወጥ አለባቸው። ሰፈሬ ያለው ፋርማሲ የለውም። መሣሪያ አምጥተውለት ልጣፉ አልቆበት መሣሪያው ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አውቃለሁ። መሣሪያ የሚልክ ዘመድ የአንድ ዓመት ልጣፍ አብሮ ካላከ ግማሹን ነው የላከው። ባትሪውስ የትም ይገኛል፤ መብራት ቢጠፋም አያሰጋም።

የማይወደው ነገርም አለ። ዳገት አይወድም። ከኤረር በር በኩል ሽቅብ ስወጣ ከተረከዜ በፊት ጣቴ መሬት ይነካል፤ ማብሪያው «እግር አሁንም በአየር ላይ ነው» ብሎ ኮረንቲውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ዳገት ላይ እያሰብኩ ተረከዜን እጫናለሁ፤ አሰልቺ ነው። ስቀመጥ ማጥፋት አለብኝ። ካላጠፋሁ ተረከዜ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር እግሬ ይዘላል። አንድ ቀን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲ ውስጥ ሳላጠፋው ተቀምጬ መኪናው በጉድጓድ ውስጥ በነጠረ ቁጥር እግሬ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ይረግጥ ጀመር። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም፤ ሁለተኛ ግን ከኋላው አላስቀመጠኝም። ጡንቻውም ይደክማል። ተፈጥሮ ጡንቻን በተራ ታሠራለች፤ አንዱ ክር ሲያርፍ ሌላው ይሠራል። ኮረንቲ ግን ሁሉንም በአንድነት ይጠራል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አነሳሱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የፕላስቲኩን ድጋፍ አደርጋለሁ።

ድጋፉን ናቅሁት እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ስትሮክ የመታቸውን 197 ሰዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ደግሞ 495 ሰዎች ይዞ መሣሪያውን ከድጋፉ ጋር አወዳድሯል። በእግር ጉዞ ፍጥነት ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ፤ መሣሪያው ግን ድጋፉን አልበለጠውም። መሣሪያውን የያዙት በመሣሪያቸው ይበልጥ ደስተኛ ነበሩ፤ ያም ይገባኛል፤ ፕላስቲክ እግርን ያስራል፣ መሣሪያው ግን እግሩን ራሱን ያሠራዋል። ቢሆንም ድጋፉ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ልጣፍ አይፈልግም፣ ነርቩ ለሞተበትም ይሠራል። ብር ያነሰው ሰው ድጋፍ ማድረጉ ከእኔ ያነሰ ሕክምና አገኘ ማለት አይደለም።

ነርቩ ለሞተበት ካልኩ አይቀር፤ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በኩል ቢሲዲሞ አለ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ቦታ። የሥጋ ደዌ ከሚያጠቃቸው ነርቮች አንዱ ይኸው ጉልበትን የሚዞረው ነው። እዚያ ታክመው የዳኑ አንድ አዛውንት የእኔን ሽቦ አይተው እግራቸውን አሳዩኝ፤ ልክ እንደ እኔ ይንጠለጠላል። ከውጭ ላየው አንድ ነው። ውስጡ ግን የተለየ ነው፤ የእሳቸው ነርቭ ራሱ ተጎድቷል፤ የእኔ ኮረንቲ አይሰማቸውም። ለእንዲህ ያለው እግር ሐኪሞች ሌላ ጥበብ አላቸው፤ ደህና የሆነውን የኋላ ጡንቻ ጅማት በቀዶ ሕክምና ወደ ፊት አምጥተው ጫፉን እንዲያነሳ ያደርጉታል። አዛውንቱ ሳቁና «እኔ በዚህ ሃምሳ ዓመት ሄጃለሁ፤ ቢላዋ ምን አመጣው» አሉ።

አንድ ጎረቤቴ ደግሞ በአንድ ሌሊት እግሩ ወደቀ። ስትሮክ መሰለውና ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። ፊቱ አልተጣመመም፣ እጁ ደህና ነው፣ ንግግሩ ደህና ነው። ለማንኛውም ወዲያው ሐኪም ቤት ሄደ፤ መሄዱም ትክክል ነው። ነገሩ በርጫ ሆኖ ተገኘ፤ ከቀትር እስከ ምሽት አንድ እግሩን አጣጥፎ በጎኑ ተጋድሞ ሲቅም ያቺ የአጥንት ጉብታ ላይ ያለው ነርቭ ተጨቁኖ ነበር። መሣሪያዬን ሊዋስ መጣ። አላዋስኩትም፤ የተጨቆነ ነርቭ ሌላ ነገር ነው፤ ጭቆናው ሲነሳለት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለጊዜው ድጋፍ አደረገ፤ ተመለሰም። አሁን በርጫው ላይ ወንበር ይዞ ይገባል፤ ጫቱን ግን አልተወም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ያ ቅልጥም ላይ የሚታሰረው ዓይነት መሣሪያ አላት፤ ልትጥለው ነው። እህቴ ወዲያው ያሰበችው አብራኝ ታስተምር የነበረችውን የባዮሎጂ መምህርት ነው፤ እሷም እንደ እኔ ስትሮክ መትቷታል። «ልላክላት?» አለችኝ። ቆዪ አልኳት። መምህርቷን ይዤ ደንገጎን ወረድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ የመምህርቷን እግር በእጇ ቀና ልታደርገው ሞከረች፤ አልሆነም፤ ቁርጭምጭሚቷ ደርቋል። ደረቅ መገጣጠሚያ ነርቩ ሕያው ቢሆንም በኮረንቲ አይነሳም። በየቀኑ ግድግዳ ተደግፋ ባቷን የምትወጥርበትን መንገድ አሳየቻትና የሌሊት ድጋፍ አዘዘችላት። ነርቩን የምትፈትንላት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጠሮዋም ከፋሲካ ማግስት ነው። እስከዚያ መሣሪያው እዚያው ካናዳ ይቆይ ብያለሁ። ለእኔ ግን ልጣፎቹን ቶሎ ላኪልኝ፤ የቀሩኝ ሁለት ናቸው፣ አንዱም ጠርዙ መነሳት ጀምሯል።